የአዋሳኝ ፊርማ

ካርታው የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ነበር። ሰው ሁሉ የራሱን ቤት ለማግኘት እየተጋፋ ጣቱን ያሳርፍበታል። እኔም በክርኔ መንገድ አስከፍቼ ቀረብኩና የወፍጮ ቤቴን ቦታ ፈለግሁ። አገኘሁት። በቀይ ተከቧል።

ደግሜ አየሁት። የሌላ የማንም ቦታ በቀይ አልተከበበም። ከላይ እስከ ታች ረጅም አረንጓዴ ተቀብቷል፤ እሱ የሕዝብ ሜዳ ነው አሉ፤ ሠርግና ለቅሶ የሚቆምበት፣ ዛፍ የሚተከልበት፣ ሰው አረፍ የሚልበት። ያ አረንጓዴ እየወረደ እየወረደ እኔ ቦታ ጋ ሲደርስ ያቺ ቀይ ክብ አለች። «ይቺን ሊበሏት ነው» አልኩ። ጥርጣሬ እኔ ልብ ለመግባት ብዙ አይፈጅበትም።

ዘርፈሽዋል ይታገሱ እባላለሁ። ከቡታጅራ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት የማትርቅ ከተማ ውስጥ፣ ከአባቴ በወረስኩት ወፍጮ ሃያ ስምንት ዓመት የሰው በርበሬ ፈጭቻለሁ። ባል አልበረከተልኝም፣ ልጅ አልሰጠኝም፤ ያለኝ ያ ወፍጮ ነው። የነበረኝ ልበል። የዛሬ ሦስት ዓመት ያ ክፉ ሰሞን ሲመጣ ገበያው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነደደ። ማን ጀመረው፣ ማን አቀጣጠለው የሚለውን ኮሚቴዎቹ ይመርምሩት፤ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። የእኔ ወፍጮ ቤት እስከ ወለሉ ነደደ። ከጎኔ ያለው የሃሊማ ሱቅ ግን ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም።

«የእሷ ብሎኬት ነው፣ ያንቺ እንጨትና ጭቃ ነበር» ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ሃሊማን ሰላም ብያት አላውቅም፤ እሷም አላለችኝም። ከዚያ በፊትማ እህቴ ነበረች። በአረፋ እሷ ቤት እውላለሁ፤ ለመስቀል ደግሞ ለእሷ ብዬ አንዱን በግ በእነሱ ሰው አሳርድላት ነበር። እሷ ፕላስቲክና ጀሪካን ትሸጣለች፣ እኔ እፈጫለሁ፣ ቀኑን ሙሉ በግድግዳው ላይ እንጯጯሃለን። እንዲህ የኖርነው ሴቶች ሦስት ዓመት ሙሉ ስንተላለፍ አንዳችን ሰማይ አንዳችን መሬት እናያለን።

አሁን ከተማው እንደገና ሊሠራ ነው። የእኔ የይዞታ ወረቀት ከወፍጮው ጋር ነደደ፤ የማዘጋጃ ቤቱም መዝገብ ስለተቃጠለ ሁላችንም እኩል ባዶ እጃችንን ነን። ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ሆነ፤ ቦታህ ያንተ መሆኑን አዋሳኞችህ ይፈርሙልሃል፣ አንተም ለእነሱ ትፈርማለህ። በጀርባዬ ያለው ሀብተጊዮርጊስ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ አንድ ቀን መጥቶ ሳያቅማማ ፈረመልኝ። በፊት ለፊትና በግራዬ መንገድ ነው። የቀረችኝ ሃሊማ ብቻ ነች። እሷ ከፈረመች ወፍጮዬን መልሼ እተክላለሁ፤ ካልፈረመች በሸራ ሥር በጣሳ በርበሬ እየሸጥኩ እሞታለሁ። ነገሩ ይኸው ነው።

የፕላኑ ሰዎች ከወልቂጤ ነው የመጡት። ለኪው ሱራፌል ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ብዙም ያልቆየ፣ ፊቱ የዋህ የሚመስል ሰው ነው። የዋህ የሚመስሉትን ነው እኔ የምፈራው። በሦስት እግር የሚቆም መሣሪያውን ተክሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፤ ከዚያ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ያስመታል። አንድ ቀን ሸራዬ ሥር ድረስ መጣና ወረቀት ዘረጋልኝ።

«እትዬ ዘርፈሽዋል፣ የወይዘሮ ሃሊማን ወሰን አይተው ይፈርሙልኝ ነበር።»

«እሷ ለእኔ ፈርማለች?»

«እሱን ለመናገር አልተፈቀደልኝም። የሁሉም ሰው ምስክርነት ተሰብስቦ በአንድ ቀን ነው የሚለጠፈው። ሰው እየተያየ ቃሉን እንዳይለዋውጥ ነው።»

«አልፈረመችም በለኛ።»

«እንደዚያ አላልኩም እትዬ።»

«ፊትህ ብሏል» አልኩት። «እሷ ሳትፈርም እኔ አልፈርምም። ወረቀትህን ሰብስብና ሂድ፣ በርበሬው እንዳይነካብህ።»

በሳምንቱ ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ነገሩን በዓይኔ አየሁት። ሱራፌል ሃሊማ ሱቅ ገባ። ሻይ ቀረበለት። እሺ፣ ሻይ ነው፣ ይጠጣ። ከዚያ ሁለቱም ወጡና ሃሊማ ከራሷ ግድግዳ ተነስታ፣ እጇን ዘርግታ፣ የእኔን የተቃጠለ ወለል አቋርጣ እስከ መብራት ምሰሶው ድረስ ሄደች! ምሰሶውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። እሱ ይጽፋል። ከዚያ ምሰሶው ሥር ቀይ ችካል አስመታ።

ያ ምሰሶ የእኔ ቦታ መጨረሻ ነው። «ከግድግዳዬ እስከ ምሰሶው የእኔ ነው» ብላ አስመዘገበች ማለት ነው! ለካ የካርታው ቀይ ክብ ይኼ ኖሯል። ሜዳው ሳይበላኝ ጎረቤቴ ልትበላኝ። ሸራዬን እንኳ ሳልሰበስብ፣ በርበሬዬን ለአላፊ አግዳሚው ትቼ፣ ነጠላዬን እየጎተትኩ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ ባጃጅ ጡሩምባ ሲነፋብኝ የሰደብኩትን ስድብ ዛሬ አልደግመውም።

እዚያ ስደርስ ግን ምን ብዬ ልክሰስ? የፈረመችውን አላየሁም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ መጣልኝ። ጀፎረን አነሳሁ።

ጀፎረ በእኛ አገር በቤቶች መሐል የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። አይታረስም፣ አይታጠርም፣ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ፈረስ ይጋለብበታል፣ ሙሽራ ይሸኝበታል፣ ለቅሶ ይቆምበታል። ከተማ ከመሆናችን በፊት የእኛም ሰፈር ነበረው፤ በኋላ ገበያው እየሰፋ ሱቅ በሱቅ ላይ ሲደረብ ተረሳ። ቃጠሎው ሁሉን ሲያስተካክለው ነው ተመልሶ የታየው። የወልቂጤዎቹም የሕዝቡን ሜዳ በድሮው ጀፎረ ላይ እናውጣው ያሉት ለዚህ ነው። ጀፎረ ላይ ቤት ሠርቶ የተገኘ ሰው ምስክር ቢቆምለትም ባይቆምለትም ተነሺ ነው። ከመነሳቱ ስሙ ይብሳል። ልጆቹ እንኳ ለጋብቻ ሲፈለጉ ይነሳባቸዋል።

እኔ ደግሞ ማን ነኝ? የይታገሱ ልጅ! አባቴ የጀፎረ ዳኛ ነበር። አጥሩን አንድ ክንድ ያስገፋን ሰው ሽማግሌ ፊት አቅርቦ በገዛ እጁ ያስነቅለው ነበር። በእኛ በኩል ስጋት የለም። ሃሊማ ግን ያን ብሎኬት ስትሠራ በረንዳዋን አላስወጣችም ብሎ ማን ይምልላታል?

ሱራፌል ከመስክ ሲመለስ ደጃፉ ላይ አገኘሁት። «ሃሊማ ጀፎረ ገብታለች። በሽማግሌ ይለካ። አቤቱታ አስገባለሁ» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «እትዬ፣ ቁጭ ይበሉ እስቲ።»

«አልቀመጥም።»

«አቤቱታ ከገባ የእሳቸው ብቻ አይደለም የሚለካው። መስመሩ በሙሉ እንደ አዲስ ይለካል። የእርስዎም።»

«ይለካ!»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ባያስገቡትስ? አስራ አምስት ቀን ብቻ ይታገሱ። ምስክርነቱ ሲለጠፍ አይተው፣ ከዚያ ካልመሰልዎት ያስገቡ። እንደ እናቴ አድርጌ ነው የምለምንዎት።»

አሃ! አልኩ በሆዴ። ሻይ ብቻ አይደለም የጠጣው። ሰው ሲለምነኝ የበለጠ ነው የምጠረጥረው። «እናትህን ለምናት» አልኩትና ጸሐፊዋ ጋ ገብቼ አቤቱታዬን አጻፍኩ። ፊርማዬን ሳሳርፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

የሚለኩት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንዱ ሐጂ ከድሮ፣ ሌላው አቶ ዱባለ። ሁለቱም ሰማንያን ያለፉ፣ የጀፎረው የወሰን ድንጋይ የት የት እንደተቀበረ ከአባቶቻቸው የሰሙ ሰዎች ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት መጡ። የቀበሌው ሰው፣ ሱራፌል፣ ሃሊማ፣ እኔ፣ የሰፈሩም ሰው ግማሹ እዚያው ነው። ሃሊማ ጥቁር ሻሿን አጥብቃ አስራ ግድግዳዋን ተደግፋ ቆማለች። አንድም ጊዜ አላየችኝም።

ሐጂ ከድሮ ከመለካቱ በፊት የሚባለውን አሉ። «ገመዱ የሚያሳየንን እንቀበላለን። ያገኘ አይኮራም፣ ያጣ አያኮርፍም። ዘርፈሽዋል፣ ከሳሽ አንቺ ነሽ፤ ትቀበያለሽ?»

«እቀበላለሁ!» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ። «የይታገሱ ልጅ ነኝ። እንዴት አልቀበልም?»

አቶ ዱባለ ፊታቸውን ወደ ሃሊማ አዞሩ። «አንቺስ?»

«ባይለካ ነበር የምወደው» አለች ሃሊማ።

«አያችሁ!» አልኩ። «አያችሁ! ፈራች!»

መጀመሪያ የሃሊማ ሱቅ ማዕዘን ተቆፈረ። ክንድ ያህል ሲወርዱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወጣ፤ ከሥሩ ከሰል። አባቶች የወሰን ድንጋይ ሲቀብሩ ከሥሩ ከሰል ያደርጋሉ፤ ከሰል አይበሰብስም፤ ድንጋዩ ዝም ብሎ ድንጋይ አለመሆኑን የሚመሰክረው እሱ ነው። «ከሰልማ ከተማው ሙሉ ሞልቷል!» አልኩ። ሐጂ ከድሮ ቀና ብለው አዩኝ። «ይኼኛው ከድንጋዩ ሥር ነው ልጄ» አሉ። ድንጋዩ ከሃሊማ ግድግዳ ወደ መንገዱ በኩል ሁለት እርምጃ ወጣ ብሎ ነው የተገኘው። ማለት ሃሊማ ጀፎረ አልገባችም። እንዲያውም ሁለት እርምጃ የራሷን መሬት ለመንገዱ ትታለች።

እሺ፣ እንደዚያ ይሁን። እኔ የምጠብቀው ቀጣዩን ነበር። ገመዱ ከዚያ ድንጋይ ታስሮ በእኔ በኩል ወዳለው ወደ ሌላኛው ድንጋይ ይወጠራል። አቶ ዱባለ የሚቆፈርበትን ቦታ ፍለጋ ሄዱ። በእኔ ወለል ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ይቆማሉ ብዬ ስጠብቅ አለፉት። ሲሚንቶውን አለፉት። የተቃጠለውን የጀርባ ግድግዳ አለፉና ሀብተጊዮርጊስ አጥር ሥር ቆሙ።

«እዚህ ነው» አሉ።

«ምኑ ነው እዚያ?» አልኩ። «አባባ፣ ተሳስተዋል። ያ የሀብተጊዮርጊስ አጥር ነው!»

«ቆፍሩ» አሉ።

ቆፈሩ። እኔ እየሳቅሁ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እየሳቅሁ። ዶማው ድንጋይ ሲነካ የሰማሁት ድምፅ ግን ሳቄን ወሰደው። ጠፍጣፋ ድንጋይ። ከሥሩ ከሰል። ገመዱ ተወጠረ፤ ከሃሊማ ሱቅ ማዕዘን ተነስቶ በግድግዳዋ ጎን ጎን እስከ ወፍጮ ቤቴ ጀርባ ድረስ ሄደ። ከገመዱ ወዲህ ያለው ሁሉ፣ ወለሉ፣ የሞተሩ መቀመጫ፣ በርበሬ የማሰጣበት፣ የአባቴ በር የነበረበት፣ ሁሉም ጀፎረ ነው። አንድ ስንዝር እንኳ አልተረፈም።

የሌላውን አጥር ሲያስነቅል የኖረው አባቴ፣ ከሌሎቹ ዳኞች ጋር ተቀምጦ ሲፈርድ የኖረው አባቴ፣ የራሱን ወፍጮ ቤት ጀፎረው መሐል ነው የተከለው። ያ ሁሉ ዓመት ሰው በርበሬውን ተሸክሞ ሲመጣ ያውቅ ነበር። ዳኛው እሱ፤ ማን ይናገረዋል? ሐጂ ከድሮ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሱ። ማዘናቸውን ሳይ ተናደድኩ፤ ማንም እንዲያዝንልኝ አልፈልግም።

«ታውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«እናውቅ ነበር» አሉ አቶ ዱባለ። «ወፍጮ ያስፈልገን ነበር። ከዚያም አረጀ፣ ተረሳ። ያልተጠየቀ አይለካም። አንቺ ጠየቅሽ።»

የቀበሌው ሰው ቃለ ጉባኤ ይጽፍ ጀመር። ሱራፌል ከቦርሳው አንድ ወረቀት አውጥቶ ለቀበሌው ሰው «ይኼ ከእንግዲህ ዋጋ የለውም፤ ከፋይሉ ይውጣ» ሲለው ከእጁ ነጠቅሁት። መብት እንደሌለኝ አውቃለሁ። ነጠቅሁት።

የሃሊማ ፊርማ ነው። እንዲህ ይላል፤ «ከእኔ ግድግዳ ጀምሮ እስከ መብራት ምሰሶው ድረስ ያለው ቦታ የወይዘሮ ዘርፈሽዋል ይታገሱ መሆኑን አውቃለሁ፤ ክርክር የለኝም።» ከሥሩ ሌላ ወረቀትም ተያይዞ ነበር፤ የመጀመሪያው፤ ካርታው ከመለጠፉ በፊት የፈረመችው። ያን ሐሙስ የፈረመችው ሁለተኛው ነው፤ ሱራፌል ወሰኑን በእግሯ እንድታሳየው ስለጠየቃት። ሁለት ጊዜ ነው የፈረመችልኝ።

«ቀዩ ክብስ?» አልኩት ሱራፌልን።

«ሜዳው እንዳይነካው ተብሎ ነው የተከበበው» አለኝ። «በአዋሳኝ የተመሰከረለት የግል ይዞታ ስለሆነ ዞሮት እንዲያልፍ። አሁን ግን ሽማግሌ ለክቶታል እትዬ። እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።»

ወደ ሃሊማ ዞርኩ። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው ፊቷን ማየቴ። አርጅታለች። እኔም እንደዚያው ሳልሆን አልቀርም።

«ጀፎረ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አባቴ ነግሮኛል» አለች። «አባትሽ ወፍጮውን ሲተክል አባቴ አይቶ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።»

«ታዲያ በሐሰት ለምን ፈረምሽልኝ? ሳናወራ፣ ሳንሰላም፣ ለምን?»

«ወፍጮሽን መልሰሽ እንድትተክዪ ነዋ!» አለች፣ ተቆጥታ። «ሌላ ምን ላድርግ? መጥቼ ባናግርሽ ምን ትይኝ ነበር?»

ምን እላት እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። እሷ ሻሿን አስተካክላ ሱቋን ከፈተች፤ ጀሪካኖቿን አንድ በአንድ ወደ ውጭ አወጣች። እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ «ከሳሽ» በሚለው ሥር ፈረምኩ። እቀበላለሁ ብዬ ጮኬ የለ?

እሁድን ሙሉ ቤት ዋልኩ። አባቴን ረገምኩት፣ አለቀስኩለት፣ መልሼ ረገምኩት። ሱራፌልን ረገምኩ፤ ያን ቀን በግልጽ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ኋላ ሳስበው ግን ቢነግረኝም አላምነውም ነበር። ተንኮል ነው እል ነበር። ማታ ላይ አንድ ነገር ብቻ ለየሁ፤ ሃሊማ የራሷን የይዞታ ካርታ አላገኘችም። ፎርሟ እኔ አልፈርምም ስላልኩ እንደተንጠለጠለ ነው። ይኼን እንኳ ላድርግላት አልኩ። ይቅርታ መጠየቅ አላውቅበትም፤ መፈረም ግን አያቅተኝም።

ሰኞ ገና ማዘጋጃ ቤቱ ሳይከፈት ደረስኩ። እስክሪብቶም ከራሴ ይዣለሁ። ሲከፈት ቀድሜ ሱራፌል ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ።

«ያን የሃሊማን ፎርም አምጣው» አልኩት። «ልፈርም መጣሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ።

«ምነው? ንዴቴ አልፏል። አምጣው እንጂ!»

«እትዬ ዘርፈሽዋል፣ አያስፈልግም።»

«እንዴት አያስፈልግም? አዋሳኝ ካልፈረመ ካርታ አይሰጥም ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«ነበር» አለ፤ ፎርሙን አውጥቶ ወደ እኔ አዞረው። ስሜ የነበረበት ቦታ በአንድ መስመር ተሰርዟል፤ ከላዩ «የሕዝብ ሜዳ» ተብሎ ተጽፏል። «በዚያ በኩል የወይዘሮ ሃሊማ አዋሳኝ አሁን ሜዳው ነው። ሜዳው ደግሞ ፊርማ አይጠየቅም። እርስዎ ከእንግዲህ አዋሳኛቸው አይደሉም።»

እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ወረፋ የያዘች ሴት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝና «እትዬ፣ ከጨረሱ ይለፉልን» አለችኝ።

«ጨርሻለሁ» አልኳት፤ አለፍኩላት።